ለባትሪ የሚሆን ውሃ

አባቴ ባሌ ላይ ያገኙት ነውር አንድ ብቻ ነበር፤ በቅሎ የለውም። ጽሕፈቱ ያምራል፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ደመወዙ በየወሩ አይዛነፍም፤ ይሄ ሁሉ ለሞጣ ባለርስት ምኑም አልነበረም። «በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው ልጄን የት ያደርሳታል?» አሉ። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሦስት ጊዜ ይህንኑ ሰምተው ተመለሱ። እኔም የሳቸው ልጅ ነኝና ግትርነቱን ከሌላ አላመጣሁትም። ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ እዚያው ማዘጋጃ ቤት ገብተን ፈርመን ተጋባን። ወሬው ሞጣ ሲደርስ አባቴ «ከእንግዲህ እግሯ ደጄን አይረግጥም» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሞጣ ቢቸና ስንት ነጋዴ ሲመላለስ፣ አንድ «እንዴት ሰነበትሽ» አልላኩብኝም። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች በመካከላችን ገብቶ የሚያስታርቅ ሰውም አልነበረም።

ስድቡ ከእኔ ይልቅ የከነከነው ባሌን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በቅሎ ይገዛና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ባሌ ግን ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ መኪና ይዞ መጣ። መኪና ስላችሁ እህል የሚጭን፣ ሰው የሚያሳፍር እንዳይመስላችሁ። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ የገዛት፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ሁለት በርና ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር የቀረው አረንጓዴ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ከማን ጋር እንደምትሽቀዳደም እግዜር ይወቅ፤ በጊዜው ቢቸና ውስጥ ከመንግሥት ጂፕና በገበያ ቀን ከሚመጣው የጭነት መኪና በቀር ሌላ አልነበረም። የገበያ ሰው ገና እንዳያት «እንቁራሪቷ» አላት፤ ስሟም በዚያው ጸና።

ባሌ ከመኪናዋ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ለባትሪው ነበር። ፈረንጁ ሲሰናበተው «ሌላው ቢበላሽ ይጠገናል፤ ባትሪውን ግን አደራ» ብሎታል። ባትሪው ደግሞ እንደ ሌላ መኪና ከፊት፣ ከሞተሩ አጠገብ አልነበረም፤ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ከወለሉ ሥር ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። ባሌ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታ፣ የባትሪውን ምዕራፍ ወደ ፍርድ ቤት አማርኛ መለሰና ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «አንደኛ፥ የባትሪው ራሶች ነጭ ዱቄት አውጥተው ሲገኙ በአመድ ውሃ ታጥበውና ደርቀው ግራሶ ይቀባሉ። ሁለተኛ፥ በየቅዳሜው ስድስቱ ክዳኖች ተከፍተው ውሃው ከውስጥ ብረቶቹ በላይ የአንድ ጣት ያህል መሆኑ ይረጋገጣል። ሦስተኛ፥ ጎድሎ በተገኘ ጊዜ ከተጣራ ውሃ በቀር ሌላ ምንም ዓይነት ውሃ እንዳይጨመር።» ከሥሩ ቀንና ፊርማ አለበት፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነበር።

መኪናዋ መምጣቷ ሞጣ ሲሰማ አንድ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ነገሩን እንደገና አነሱት። በቅሎ የለውም የተባለው ሰው ይኸው በቅሎ የማይደርስበት ነገር ገዛ፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁን? አባቴ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ቀን ቆረጡ። «የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከዋርካው ሥር እቀመጣለሁ። ከመጡ እሰማለሁ። ካልመጡ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳታመጡብኝ» አሉ። መልእክቱ ሲደርሰኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ልጆቹን ሥዕል ሣሉ ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞሬ አለቀስኩ። አባቴ አንዴ «ካልመጡ» ካሉ ካልመጡ ነው።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ዳኛው ባሌን ለሥራ ደብረ ማርቆስ ይዘውት ሄዱ። በእኛ መኪና እንሂድ ቢላቸው አንድ ጊዜ አይተዋት ጂፑን አስነሡ። ባሌ ከመሄዱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሦስቱንም አንቀጽ አስነበበኝ። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን ማስነሣት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ማጥፋት አሠለጠነኝ። ከቁም ሣጥኑ ላይም አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውሃ አስቀመጠልኝ። «ይሄ ምንም ያልነካው ንጹሕ ውሃ ነው። ከዚህ ሌላ እንዳትጨምሪ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት መቼ ከብዶኝ ያውቃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠርሙሱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። የአስተማሪ ጣት ጠመኔ እንጂ ጠርሙስ አይለምድም። የተጣራ ውሃ ቢቸና ገበያ አይሸጥም። ጤና ጣቢያው ለመርፌ መበጥበጫ እንደሚያስመጣ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ ደጃፉ ከደጃፋችን ይታይ ነበር። ለባሌ ልኬ እንዳልነግረው ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አደራውን በላሁ ማለት ሊሆን ነው። ከስድስቱ ክዳኖች ሁለቱን ከፍቼ ባይ ደግሞ ውሃው ወርዶ ብረቶቹ ብቅ ብለዋል። ስለዚህ ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ አራተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምር ሰው ነበርኩ። «ውሃ ለዓይን ስለጠራ ብቻ ንጹሕ አይባልም» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹን በዜማ አስብያቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን የሞጣ ልጅ ነኝ። የወንዙን ውሃ ከብት ይገባበታል። የጉድጓዱ ቅጠል አለበት። ምንም ያልነካው፣ ከብት ያላደፈረሰው፣ በጸሎት የሚቀዳ፣ ንጹሕ ተብሎ የሚማልበት ውሃ በአገሩ አንድ ነው፤ ጠበል። ይህን ሳገኝ በራሴ ብልህነት ተደነቅሁ። ባሌ እንኳ በዚያ ሁሉ መዝገበ ቃላቱ ይህን አላሰበውም አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ጫማዬን አውልቄ ጠበሉ ዘንድ ወረድኩ። ጠበሉን የሚጠብቁት መነኩሴ «ለማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ቤት ለተኛ» አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም። «እግዜር ያስነሣልሽ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩልኝ። ውሃው ድንጋዩን ቀይ እስኪያደርገው ድረስ ብረት ብረት የሚል ነው፤ ለሆድም ለቁርጥማትም መድኃኒት ያደረገው ያ ነው ይባል ነበር። ስድስቱንም ቀዳዳ በየተራ አጠጣሁት። አጎንብሼ ሳጠጣ የነጠላዬ ጫፍ ባትሪው ላይ ሲነካካ ልብ አላልኩም።

በየቅዳሜው እንዲሁ አደረግሁ። መጀመሪያ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ያለ ምንም ችግር ተነሣ፤ ደጃፋችን የሚሰበሰበው ሰው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ትንሽ አጉረመረመ። በሆሳዕና ዋዜማ እንደ አስም በሽተኛ ሁለቴ አቃሰተና ተነሣ። በቀዳም ሥዑር ቁልፉን ባዞረው «ቀጭ» ብሎ ዝም። ጾም ነው ደክሞታል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ነጠላዬን ለፋሲካ ባጥበው ጫፉ ላይ ምስር ምስር የሚያክል ቀዳዳ፤ ብቆጥረው ከስድስት በላይ። ጠበሉ ነው ብዬ ፈራሁ። የባትሪው አሲድ መሆኑን አላወቅሁም።

ባሌ ከፋሲካ በኋላ መጣ። ክዳኖቹን ከፈተ፣ አሸተተ፣ መጽሐፉን ገለጠ። «ባትሪው እርጅና ተጭኖታል» ብሎ ፈረደ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍኩ። የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሊደርስ የቀሩት ጥቂት ቀኖች ናቸው። «በጭነት መኪና እንሂድ፤ ካልሆነም በቅሎ እንዋስ» ብለው ዓይኑ ቀላ። «እኔ በሰው በቅሎ አባትሽ ፊት ልቆም? እንቁራሪቷ በግፊ ትነሣለች። ሞጣ ባትሪ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ስንደርስ ከእሱ አዲስ እገዛለሁ። መንገድ ላይ ሞተሩን አለማጥፋት ነው፤ በቃ።»

በበዓሉ ማለዳ የቢቸና ጎረምሶች ከቁልቁለቱ ገፉን፤ ተንገጫግጨን ተነሣን። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው እጁን ቢያነሣልንም አልቆምንም። ጉንደ ወይን ላይ ውሃ ጠምቶኝ እየተንቀሳቀስን ሳለ አንዲት ሴት በጣሳ አቀብላኝ፣ ጣሳዋን ከነውሃዋ ይዤባት ሄድኩ። ባሌ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ፀሐይ እኩለ ቀን ሳትደርስ ሞጣ ልንገባ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ቀረን። አባቴን ምን እንደምላቸው በልቤ እያሰላሰልኩ ነበር።

ከዚያ ሜዳው መሐል የከበሮ ድምፅ ሰማን። የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የጊዮርጊስ ታቦት፣ ከነካህናቱ ከነጃንጥላው፣ መንገዱን አቋርጦ ወደ መንበሩ ሊመለስ ነው። ሕዝቡ በግራም በቀኝም ተንበርክኳል። የባሌ እጅ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁ። አትንካው ማለት ነበረብኝ፤ ግን በታቦት ፊት ሞተር እያጓሩ መቆም ማን ሲያደርገው አይተናል? ሌላው ቀርቶ የጭነት መኪና ሹፌሮቹም፣ ቃልቻ ደጅ የሚመላለሱት ሳይቀሩ፣ ታቦት ሲያልፍ ያጠፋሉ። ባሌ አጠፋ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወርዶ ቆመ። እኔም ወርጄ መሬት ሳምኩ። የመጨረሻዋ ጃንጥላ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ቁልፉን አዞረው፤ ባትሪው ቀጭ እንኳ አላለም። ገበሬዎቹ ከበቡን። ባሌ «ወንድሞቼ፣ ግፉልኝ» አላቸው። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ። «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ በጊዮርጊስ ሥራ የነካ መብረቅ ነው የሚወርድበት» አለ አንዱ። «መኪና መግፋት ሥራ ነው ወይ?» አለ ሌላው። አንድ ደብተራ ቀረብ ብለው «በሬው ጉድጓድ የገባበት በሰንበትም ቢሆን ያወጣው የለምን?» ብለው ከወንጌል ጠቀሱ። «ይቺ በሬ ናት?» አላቸው የመጀመሪያው። «ጉድጓድስ የት አለ?» በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር በእጅ መግፋት ሥራ ነው፣ በጀርባ ከሆነ ግን ለወደቀ መድረስ ነው የሚል ሆነ። ስለዚህ አሥራ ምናምን ገበሬ ነጭ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ጀርባውን ለእንቁራሪቷ ሰጥቶ ወደ ኋላ እየተራመደ ገፋት። ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት የለ። ባትሪው ደግሞ ጭራሽ ሞቷልና ሞተሩ እሳት ከየት ያምጣ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። በአራተኛው ገበሬዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ጠላው ሄዱ።

ፀሐይ አዘነበለች። ቅዳሴው ካለቀ ቆይቷል፤ ከዋርካው ሥር ሽማግሎቹ ተነሥተው፣ አባቴም «ይኸው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄደዋል ብዬ አሰብኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ባሌ መጽሐፉን ከፍቶ ያገላብጣል። መኪናዋንም እሱንም ጠበሉንም ራሴንም ረገምኩ፤ ከሁሉ አብዝቼ ራሴን።

ቀና ስል አንዲት በቅሎ በሞጣ በኩል ስትመጣ አየሁ። አረማመዷን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ አባቴ ኋላ ተፈናጥጬባታለሁ። አባቴ አጠገቤ ደርሰው ልጓሙን ሳቡ። በበዓል ልብሳቸው ናቸው። አንድም ሰው አብሯቸው የለም። ሁለት ዓመት ድምፃቸውን ያልሰማሁት አባቴ፣ ከላይ ወደ ታች አይተውኝ፣ መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው።

«ነጠላሽን ብል በላው?»

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ጥጃ ጠፍታብኝ ስፈልግ ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። የአባቴን ላሞች መውለጃ ወር የማውቅ ልጅ ነኝ፤ በሚያዝያ ጥጃ አልነበራቸውም። ባሌ መጽሐፉን ጥሎ ሮጦ መጣና እጅ ነሣ፤ የሚለው ጠፍቶት ስለ ባትሪው ያስረዳ ጀመር። መሞቱን፣ አዲስ ባትሪ ሞጣ እንዳለ፣ አሮጌውን ነጋዴው አይቶ ልኩን ካላወቀ አዲሱ ሊሳሳት እንደሚችል ዘረዘረ። አባቴ እስኪጨርስ ሰሙት። «እንግዲያ አውጣውና በቅሎዋ ላይ እንጫነው» አሉ።

ባሌ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ወለሉን ገልጦ፣ ሽቦዎቹን በፒንሳ ፈትቶ፣ ባትሪውን አወጣው። አባቴ በቁና አድርገን እንሰረው ሲሉ ባሌ እጁን አርገበገበ። «አይሆንም አባቴ፤ ካዘነበለ ውስጡ ያለው አሲድ ይፈስና የበቅሎዋን ጀርባ ይበላዋል።» አባቴ ደነገጡ፤ ለበቅሏቸው ከእኛም ይልቅ ይሳሱ ነበር። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ከበቅሎዋ ወረዱ። «አንተ ውጣና ታቀፈው» አሉት።

እንዲህ ሆነና በቅሎ የለውም ተብሎ የተናቀው ባሌ፣ ዕድሜውን በቅሎ ላይ ወጥቶ የማያውቀው፣ በአባቴ በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ባትሪውን በገለባና በአጎዛ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሄደ። ልጓሙን ሊይዝ እጅ ስላልነበረው በቅሎዋ በገዛ ፈቃዷ ነበር የምትመራው። እኔና አባቴ ከኋላ በእግራችን ተከተልን። እንቁራሪቷን ደብተራው ሊጠብቁልን ቀሩ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መቀመጫዋ ላይ ተሰይመው ስንሄድ ብቻ ነው ፈገግታቸውን ያየሁት።

ረጅም መንገድ ሄድን። ከዚያ አባቴ «ብል ነው ወይስ እሳት?» ብለው ነጠላዬን እንደገና አዩት። ሊሆን የማይችል ነገር ሆነ፤ ለባሌ ያልነገርኩትን ሁሉ ለአባቴ ዘረገፍኩት። ጠርሙሱን፣ ጠበሉን፣ መነኩሴውን፣ ስድስቱን ቀዳዳ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። እንደ ነፍስ አባት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ጾመሽ ነው የቀዳሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጾሜ፣ አባዬ።»

«በባዶ እግርሽ?»

«በባዶ እግሬ።»

«እንግዲያ በአንቺ በኩል የጎደለ የለም» አሉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ በቅሎዋ አገጫቸውን አመልክተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሱ ግን አትንገሪው።» ከዚያ ወዲያ ማንም ሽማግሌ ቢያስታርቀን ባያስታርቀን ግድ አልነበረኝም፤ የታረቅነው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሞጣ ስንገባ በዓሉ ገና አልተበተነም ነበር። ሕዝቡ አንድ ባለ ሱፍ ሰው በበቅሎ ላይ በአጎዛ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ቀጥ ብሎ ሲመጣ፣ የሞጣው ባለርስት ደግሞ በእግራቸው ሲከተሉት ሲያይ መንገድ ለቀቀ። ሁለት አሮጊቶች ምን እንደሆነ ሳያጣሩ ተሳለሙት። ባሌ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ አሲዱ በሱፉ በኩል ጭኑ ጋ ደርሶ ነበር። ሽማግሎቹ ከዋርካው ሥር አልተነሡም። ዋናው ሽማግሌ እንደ ደንቡ «አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ» ሲሉ አባቴ አቋረጧቸው። «ተሸክሞ መጥቷል። ካላመናችሁ አንሡት» አሉ። አንዱ ሽማግሌ ባትሪውን ሊያነሣ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠውና ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን።

ሱቁን ከፍቶ የነበረ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ላምባ፣ ጎማ፣ ባትሪ የሚሸጥ፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ። ክዳኖቹን ከፈተና ዓይኑን ጠጋ አደረገ። ውስጡ እንደ ዝገት ቀልቷል። «ይሄ ያረጀ አይደለም፤ የተመረዘ ነው። ምን አጠጣችሁት?» አለ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ክፉኛ ሳል ያዛቸው። ነጋዴው አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላዬን አየ። «መቼም አንዳንዱ ውሃ ብረት ይበዛበታል» ብሎ ክዳኖቹን መልሶ ዘጋ። ከዚያ ለሦስታችንም አስተማረን። የተጣራ ውሃ ከጠፋ በረዶ ነው የሚሻለው፤ ገላጣ ሜዳ ላይ በንጹሕ ሳፋ የተያዘ፣ ከቆርቆሮ ክዳን የወረደ ያልሆነ፣ ቀልጦ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀመጥ እንጂ በብረት ዕቃ የማይቆይ። ባሌ በደብተሩ ጻፈው። አባቴ ምንም አልጻፉም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። አባቴ የአጥር ግቢያቸው መሐል የእናቴን ነጭ ሳፋ አውጥተው ራሳቸውን በጋቢ ሸፍነው ከአጠገቡ ሲቆሙ በመስኮት አየሁ። አዲሱን ባትሪ ይዘን ተመልሰን እንቁራሪቷ ውስጥ ገጠምነው፤ ባሌ ራሶቹን ግራሶ እየቀባ ሦስቱንም አንቀጽ ለአባቴ በቃሉ ወጣላቸው። አባቴ ዞር ዞር ብለው ሁለቱን መቀመጫዎች አዩ። «ልጅ ስትወልዱ የት ልታስቀምጡት ነው?» አሉ። ባሌ ወደ ግራሶው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በረዶ በጣለ ቁጥር ከሞጣ አንድ ደንበጃን፣ ትልቅ ባለ አንገት ጠርሙስ፣ ሙሉ ውሃ በነጋዴ በቅሎ ይመጣልን ጀመር። አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። አምጪው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው የሚያደርሰው፤ «ባትሪው እንዴት ሰነበተ? ብለዋል።» እኔም «ደህና ነው በሏቸው» እላለሁ። «ልጄ እንዴት ሰነበተች» ማለት ለአባቴ አፋቸው ላይ አይመጣም፤ ሲያድጉም አልለመዱት።

ሴት ልጃችን ልትወለድ ስትል መኪናዋን ሸጥናት። አባቴ የጠየቁት ትክክል ነበር፤ የምናስቀምጥበት አልነበረንም። ግን ለአባቴ መንገር አፈርን። ያስታረቀችን እሷ ናት፤ ተሸጠች ስንላቸው ደንበጃኑ የሚቀር፣ ያ «እንዴት ሰነበተ»ም የሚቀር መሰለኝ። ስለዚህ ውሃውን መቀበል ቀጠልን። ሞጣ ልንጠይቃቸው በጭነት መኪና ስንሄድ ባሌ «መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው» ይላል፤ በጥር ሳይቀር። አባቴም «ልክ ናችሁ» ይላሉ። በውሃው የልጃችንን ልብስ አጥብበት ነበር። ጸጉሯንም እንዲሁ። በጸጉሯ ሰው ሁሉ ይገረም ነበር።

አባቴ ሲሞቱ ልጃችን አራት ዓመቷ ነበር። ለቅሶው ላይ ዕቃ ቤት ብገባ ሦስት ደንበጃን አፋቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ ተደርድረው አገኘሁ። እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የመጣብኝ ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። እንዲህ ያሉ ሽማግሌን በበረዶ አቁሜ አራት ዓመት ሙሉ አታለልኳቸው አልኩ።

ባትሪ ሻጩ ነጋዴ ሊያጽናናኝ መጥቶ ሲቀመጥ ያን ጊዜ አፈረጥኩት። «መኪናዋ እኮ ከተሸጠች ቆይታለች። አባዬ ሳያውቁት ሞቱ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «እሳቸው? ያውቃሉ እንጂ። ገዢው ባትሪ ፍለጋ እኔ ዘንድ መጥቶ ስለነበር በዚያው ሰሞን ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ። አንድ ባዶ ደንበጃን ጨምረው ገዝተው ሄዱ።»